ደስታውን ያልተነጠቀው ሯጭ፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ሲኒማ ራስን ያውቃል። ቤቱ በኋላ ዘመን ራስ ቴአትር ቢባልም የአዲስ ከተማ ሰው የቀድሞውን ስም አልተወውም፤ ሠፈሩም በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። በ1950ዎቹ ዓመታት ከሸማ ተራ፣ ከእህል በረንዳና ከምናለሽ ተራ ሥራውን የጨረሰ ሰው፣ ልብስ ሰፊውም፣ ተሸካሚውም፣ ተማሪውም ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ወደዚያ ጨለማ አዳራሽ ይገባ ነበር። ፊልሙ ሲጀመር የቤት ኪራዩ ይረሳል፤ አበዳሪው ይረሳል፤ የነገው ፈተናም ይረሳል። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ከቈየ በኋላ መብራቱ ይበራል፤ በሩ ይከፈታል፤ ያ ሁሉ የተረሳ ጣጣ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህን ዓይነቱን ደስታ መናቅ አይገባም። የደከመው ሰው ማረፍ፣ ያዘነውም መሳቅ ያስፈልገዋልና። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሰው ደስታ በጨለማ ቤት ውስጥ ለሁለት ሰዓት የሚገኝ ብቻ ነውን? ወይስ ደጅ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ከችግሩ ጋር ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል?

ጥያቄው የተሸካሚውና የልብስ ሰፊው ብቻ አይደለም። ተማሪው ደስታውን ዲፕሎማ እስኪይዝ ያቈየዋል። ዲፕሎማውን የያዘው ሥራ እስኪያገኝ፣ ሥራ ያገኘው ዕድገት እስኪሰጠው፣ ዕድገት የተሰጠው ቤት እስኪሠራ ያቈየዋል። ቤቱን የሠራው ሰው ደግሞ ጤናው ታውኮ ይገኛል። እንዲህ ሆኖ ዕድሜ ያልቃል፤ የተቀጠረው ደስታ ግን ሳይመጣ ይቀራል።

ለዚህ ነገር መልስ የሚሆን የአንድ የታወቀ ኢትዮጵያዊ ሕይወት አለ፤ ይኸውም የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ነው። አብዛኞቻችን አበበን የምናውቀው እንደ ፊልም ነው። ሮማ ላይ የሮጠው ሩጫ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ አንድ ፊልም የሚፈጀውን ጊዜ መሆኑ ነው። የቶኪዮው ሩጫ እንዲያውም እውነተኛ ፊልም ሆኗል፤ ኮን ኢቺካዋ የተባለው ጃፓናዊ ሠሪ ስለ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ባዘጋጀው ዝነኛ ሥራ የአበበ ፊት እየቀረበ፣ ላቡ እየታየ፣ ረጅም ጊዜ ይሮጣል። ነገር ግን ፊልሙ የሚያልቀው ክሩ ሲበጠስ ነው። አበበ ክሩን ከበጠሰ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ከነዚህም ውስጥ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ከመንፈቅ የኖረው በእግሩ ሳይቆም ነው። ወጣቱ ትውልድ ሊያጠናው የሚገባው ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ክፍል ይመስለናል።

ማንም ሳያጨበጭብ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ጃቶ በተባለ የገጠር መንደር ተወለደ። የተወለደበት ቀን በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ከተሮጠበት ቀን ጋር ገጥሞ ነበር፤ ይህን በዚያን ቀን በጃቶ ያወቀ ሰው እንዳልነበረ ግን ግልጥ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው የፋሽስት ጦር አገሩን ወረረ፤ ቤተ ሰቡም ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ። ከነፃነት በኋላ ልጁ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ገና እየተጫወተ፣ ዳገት እየወጣና ቁልቁለት እየወረደ አደገ።

ወደ አዲስ አበባ የመጣው ጐልማሳ ሆኖ ነው። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ስለ ማራቶን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በሥራው መካከል ግን ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። የሚያየው ጋዜጠኛ፣ የሚሸልመው ዳኛ አልነበረም። በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፉት እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶችና ጭነት የሚነዱ ገበሬዎች ናቸው።

ይህ እንዲሁ በችኰላ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አበበ ሮማ ላይ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ሁሉ ያለ ጭብጨባ ያለፉ ናቸው። ደስታውን በጭብጨባ ላይ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ከዓመታት በፊት በሰለቸው ነበር። እንግዲያውስ ያን ያህል ጊዜ ያቈየው የሥራው የራሱ ጣዕም ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ይኸውም የጠዋት አየር፣ የሚታዘዝ ትንፋሽ፣ ትናንት የከበደው ዳገት ዛሬ ሲቀል ማየት ነው።

በክብር ዘበኛ የሩጫ ትምህርት የሰጡት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። እኝህ ሰው በፊንላንድ የተወለዱ ስዊድናዊ ሲሆኑ ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርትን ያስፋፉ ናቸው። የአበበን ትዕግሥት ያዩት እርሳቸው ናቸው። የሆነ ሆኖ አበበ አዲስ አበባ ላይ በሮጠው የመጀመሪያ ማራቶን ሁለተኛ እንጂ አንደኛ አልወጣም።

የጳጉሜን 5 ምሽት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ነበር። አዲስ አበባ ችቦዋን ስታዘጋጅ፣ ዶሮ ስትገዛና ቄጠማ ስትጐዘጕዝ፣ በሮማ ከተማ ከካምፒዶልዮ አደባባይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሮጡ ሰዎች ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ ባዶ እግሩን ነበር። ለሩጫው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በለመደው ሁኔታ፣ ያለ ጫማ መሮጥን መረጠ።

ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለ ነበረ መንገዱ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ብዙ መንገድ ሄደ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ከኢትዮጵያ ተነቅሎ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በቆመበት ሥፍራ አጠገብ አለፉ፤ አበበ ጓደኛውን ጥሎ የፈተለከው በዚያ አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ የፈጠነው ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ በአክሱም ቆሟል።

ስለዚህ ድል ብዙ ተጽፏል። እኛ ልናነሣው የፈለግነው ግን በዚያው ሰሞን፣ በዚያችው ከተማ ስለ ተደረገ አንድ ሌላ ነገር ነው። ከአበበ ድል ስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. በሮማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ተወዳዳሪዎች በባለ መንኰራኵር ወንበር ተቀምጠው ቀስት ወረወሩ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወቱ፤ ሌሎችንም ጨዋታዎች አደረጉ። ይህ ስብሰባ በኋላ ዘመን የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ታውቋል። በዓለም ላይ ከሁሉ የፈጠነ ሰው ተብሎ የተጨበጨበለት ወታደር አንድ ቀን ከነዚህ ሰዎች ጋር ቀስት ይዤ እሰለፋለሁ ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ዝናና ጣጣው

ዝና ችግርን ያስወግዳል የሚል ሰው የአበበን ቀጣይ ዓመታት ይመልከት። ከሮማ ተመልሶ በክብር ከተሸለመ ገና ሦስት ወር ያህል ሲሆነው፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ሙከራው ከሸፈ፤ በክብር ዘበኛው ላይም መከራ ወረደ፤ ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። አበበም በነገሩ ባይኖርበትም ታስሮ ከተመረመረ በኋላ ተለቀቀ። ዓለም ያወቀው ስሙ ከእስራት አላዳነውም። ሲለቀቅ ግን ወደ ሩጫው ተመለሰ።

በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ሮጦ አምስተኛ ወጣ። ለሌላው ሰው አምስተኛነት ትልቅ ነገር ነው፤ ለአበበ ግን በውጭ አገር ከተጨረሰ ማራቶን ሳያሸንፍ የተመለሰበት ብቸኛው ጊዜ ነበር። ከዚህም ሽንፈት በኋላ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ሆዱን ታሞ ወደቀ፤ ትርፍ አንጀቱም በኦፕራሲዮን ወጣለት። ከዚህ በኋላ ለውድድሩ የቀረው ጊዜ ስድስት ሳምንት አይሞላም ነበር። በሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከዚያም ቶኪዮ ደረሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው እስኪደርስ አራት ደቂቃ ያህል ስለ ነበረው በሜዳው መካከል ሰውነቱን እያፍታታ ጠበቀ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በዕድሜው ሁሉ የሮጣቸው ማራቶኖች 16 ናቸው። 12ቱን አሸነፈ፤ አንድ ጊዜ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አምስተኛ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን አልጨረሳቸውም። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እግሩን ያመው ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለ ጸናበት ከመንገድ ወጣ። ድሉን ያገኘው የአገሩ ልጅና የክብር ዘበኛ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር። አበበ የሻምበልነት ማዕርግም አገኘ።

መኪናው የተገለበጠባት ሌሊት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። በመኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ፤ ያገኙትም በማግሥቱ ጠዋት ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ተጐድቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ አንገቱን እንኳ ማዞር ተሳነው። በሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ጊዜ 42 ኪሎ ሜትር ያቋርጥ የነበረ ሰው ከአልጋው ጫፍ ወደ አልጋው ጫፍ መድረስ የማይቻለው ሆነ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተኛ። ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጐዳ ሰው ተስፋ የሌለው ሆኖ ይቈጠር ነበር፤ ከአልጋ ቍስልና ከሌላውም ሕመም የተነሣ ብዙዎቹ ከአደጋው በኋላ ረጅም ጊዜ አይኖሩም ነበር። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ፣ ከናዚዎች ግፍ ሸሽተው ከጀርመን ወደ እንግሊዝ የገቡ አይሁዳዊ ሐኪም በ1936 ዓ.ም. በዚያ ሆስፒታል ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ክፍል ከፈቱ። የሕክምናቸው ዋና አሳብ ቀላል ነበር። ሰውየው የጠፋበትን አካል እያሰበ እንዳይተኛ፣ የቀረለትን አካል በየቀኑ እንዲያሠራ ያደርጉት ነበር። ለዚህም ጨዋታን መድኃኒት አደረጉት። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የጦር ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው የቀስት ውድድር አደረጉ። ከስምንት ቀን ልዩነት በኋላ አበበን ተከትሎ ሮማ የደረሰው ያ ትልቅ ስብሰባ ከዚህ ትንሽ ውድድር የበቀለ ነው።

እንግዲህ አበበ የተኛው በዚህ ቤት ነው። የዓለም ሕዝብ አልረሳውም፤ ከየአገሩ መጽናኛ ደብዳቤ ይጐርፍለት ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሣቤጥም መጥተው ጠየቁት። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል የሚለው ተረት በአበበ ላይ አልደረሰም። ነገር ግን የንግሥት ጉብኝት አንገትን አያዞርም፤ ሺህ ደብዳቤም ጣትን አያጥፍም። ይህን የሚያደርገው በሽተኛው ራሱ ነው፤ ያውም ማንም በማያየው ሰዓት ነው። አበበ ከሱሉልታ እስከ አዲስ አበባ ሲመላለስ የለመደው ትዕግሥት አሁን በአልጋ ላይ ጠቀመው። ስምንት ወር ያህል በዚያ ቈየ። ቀስ በቀስ አንገቱ ታዘዘ፤ ክንዶቹና እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። አበበ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ለባሽ ነበር፤ ተመልሶ እንዲሄድ ተስፋ አደረገ፤ ተስፋውም አልተፈጸመለትም። ደስተኛ መሆን ማለት ሕመም አለመሰማት ማለት ቢሆን ኖሮ አበበ ደስተኛ ነበር ብለን ባልጻፍን ነበር። ነገር ግን ስለ ደረሰበት ነገር ሲናገር ድሉንም አደጋውንም እኩል ከእግዚአብሔር እጅ እንደ ተቀበለ፣ ሁለቱም የሕይወት ክፍሎች ስለ ሆኑ ሁለቱንም ይዞ በደስታ መኖር እንደሚገባው ያስረዳ ነበር። ይህ አነጋገር ከተመቸው ሰው አፍ ቢወጣ ቀላል ስብከት በሆነ፤ ከመንኰራኵር ወንበር ላይ ሲነገር ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

ቀስትና በረዶ

በ1962 ዓ.ም. ክረምት አበበ እንደገና ለውድድር ቀረበ። ቦታው ስቶክ ማንደቪል፣ ጨዋታውም ቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ነበር። በኦሊምፒክ ስታዲየም እልፍ ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው አሁን የተሰለፈው እንደርሱ በወንበር ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ነው። በዚህ አላፈረም። በሩጫ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው በቀስት ጀማሪ መሆን ይከብደዋል፤ ትዕቢት ያለበት ሰው ቤቱን ዘግቶ የድሮ ሜዳዩን ሲወለውል በኖረ ነበር። አበበ ግን ጀማሪ መሆንን ተቀበለ። ክንዱ ተርፎለታል፤ ቀስት ደግሞ የሚሳበው በክንድ ነው።

በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ደግሞ ጉዳተኞች ወደሚወዳደሩበት ጨዋታ ወደ ኖርዌ አገር ተጋበዘ። የተጋበዘው እንግዳ ሆኖ እንዲመለከት ነበር፤ እርሱ ግን ተወዳዳሪ ሆነ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ ከዚያም ውሾች በበረዶ ላይ በሚጐትቱት መንሸራተቻ እሽቅድድም ገባ። በረዶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ ከ16 ተወዳዳሪዎች መካከል በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። በሮማ ባዶ እግሩን ያሸነፈው ሰው ኖርዌ ላይ ያለ እግር አሸነፈ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በርሱ ብርታት ብቻ የተደረገ አይደለም። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ከሮማ ድል በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. ያገቡት ናቸው። ወታደር ሆኖ ያገቡት ሰው ዝነኛ ሲሆን አብረው ነበሩ፤ በወንበር ሲቀመጥም አራት ልጆቻቸውን ይዘው አብረው ነበሩ። ሻለቃ ኒስካነንም ወዳጅነታቸውን አላቋረጡም። ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹም የድካማቸው ድርሻ አላቸው። ሰው ብቻውን ሊሮጥ ይችል ይሆናል፤ ከወደቀበት ግን ብቻውን ሊነሣ አይችልም። እርዳታን መቀበልም ራሱን የቻለ ትሕትና ነው፤ ብዙ ሰው ደስታውን የሚያጣው በመቸገሩ ሳይሆን ለመረዳት በማፈሩ ነው።

እንደገና ጳጉሜን 5

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመን አገር በሙኒክ ኦሊምፒክ ሲደረግ አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። በመክፈቻው በዓል ላይ በወንበሩ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን የዋለው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ከሮማው ምሽት ልክ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። ውድድሩን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲሆን ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። ሾርተር ሜዳዩን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

አንድ ሰው የራሱን መንገድ ሌሎች ሲሮጡበት፣ የራሱን ዘውድ ሌላው ሲጭነው ከወንበር ላይ ሆኖ መመልከት ቀላል ነገር አይደለም። ቅናት የሚያድረው በእንደዚህ ያለው ሰዓት ነው። አበበ ግን ከሜክሲኮ ጀምሮ የዱላ ቅብብሉን ያውቅ ነበር። የሌላውን ደስታ መካፈል የቻለ ሰው የራሱ ባዶ ቢሆን እንኳ ደስታ አያጣም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ካደጋው ጋር ግንኙነት ባለው የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት 65,000 ያህል ሕዝብ ሸኘው፤ ለአገሩም የሐዘን ቀን ታወጀ። በስሙ የተሰየመ ስታዲየም በአዲስ አበባ ይገኛል።

ለእኛ የቀረልን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት እንዲህ ያለው ሕይወት ለታላላቅ ሰዎች እንጂ ለእኔ አይሆንም ትል ይሆናል። ነገር ግን ከአበበ ታሪክ ውስጥ ለሁላችን የማይቻለው ሜዳዩ ብቻ ነው። ሁለቱ የኦሊምፒክ ድሎቹ ተደምረው አምስት ሰዓት አይሞሉም። ሰው በአምስት ሰዓት ድል አርባ አንድ ዓመት ሊኖር አይችልም። የቀረውን ዕድሜ የኖረው እኛ ሁላችን በምንኖርበት ዓይነት ቀን ነው፤ ጠዋት በሚነሡበት፣ ሥራ በሚሠሩበት፣ አንዳንድ ጊዜ በሚያሙበትና በሚያዝኑበት ቀን ማለት ነው።

ይህን ቀን እንዴት እንደ ኖረው ከታሪኩ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ሥራውን ከማጨብጨቡ ይልቅ ለሥራው ሲል ወደደው። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ሲወሰድበት የቀረለትን ቈጠረ፤ በቀረለትም ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሦስተኛ፣ የሌላውን እርዳታ አልናቀም፤ የሌላውንም ድል አልቀናበትም። ከነዚህ መካከል ገንዘብ ወይም ሹመት የሚጠይቅ አንድም የለም።

ፈተና የወደቀ ተማሪ የወደቀው በአንድ ትምህርት እንደ ሆነና ሌላው እንደ ቀረለት ያስብ። ዕድገት የተነፈገ ሠራተኛ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጉዳይ በሚገባ ጨርሶ አንድ ባለ ጉዳይ ደስ ብሎት ሲሄድ ይመልከት። ቤቱ የጠበበው ሰው በጠባቡ ቤት ከልጆቹ ጋር እራቱን ሲበላ ያቺን ሰዓት ትልቅ ቤት እስኪሠራ አያቈያት። ይህ ማለት ችግርን ዝም ብሎ መሸከም ማለት አይደለም፤ አበበ አንገቱን ለማዞር ወራት ታግሏል። ነገር ግን ትግሉ እስኪያልቅ ደስታን አልቀጠራትም፤ እየታገለ ቀስቱን ሳበ፤ እየታገለ ከልጆቹ ጋር ኖረ።

ሲኒማ የሚገባ ሰው ይግባ፤ ይሳቅ፤ ይደሰት። ሲወጣ ግን ደጅ የሚጠብቀው ችግሩ ብቻ አለመሆኑን ይወቅ። እጁ አለ፤ ሥራው አለ፤ ወዳጁ አለ። ከእነዚህ የሚገኘው ደስታ መብራት ሲበራ አይጠፋም፤ ነገ ጠዋትም እንደገና ይገኛል።